በሁለት ጣሪያ ላይ የተገኘ ስም

ይሄን ደብተር ሳታስፈቅድ የገለጥከው፣ አዎ አንተን ነው፤ ማንም ሳይጠራህ ነው የገባኸው። ከገባህ አይቀር ቁጭ በልና እስከ ጥግ አንብበው። ግማሹን አንብበህ ግማሹን ከሆድህ ጨምረህ እንዳታወራ። የዚህ አገር ሰው እኔን የፈጀኝ እሱን እያደረገ ነው።

ሰኔ 4 ቀን 2009

መስኡዳ እባላለሁ። ጅዳ የሰው ቤት ስሠራ የአሰሪዎቼ ልጅ የጣለውን ራውተር እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ነው የኔትወርክ ሥራ የተማርኩት። ሰርተፍኬት የለኝም። ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እኔም ብጽፈው ምንም አይመስለኝም።

የመንደሩን የዋይፋይ ቅብብሎሽ የተከልኩት እኔ ነኝ። መንደራችን አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል ታያለች፤ ስልክ ያስደውላል እንጂ ለኢንተርኔት የሚሆን ኔትወርክ የለንም። ልጆቻችን ደግሞ ግማሾቹ ሳዑዲ ናቸው። እንግዲህ ቀብርና ለቅሶ የሚያሠራን የሰፈሩ ቅሬ ነው ራውተሮቹን የገዛው። መስመሩ ሐይቅ ከተማ ከመምህር የኋላሸት ቤት ይነሳል፤ ኮምፒውተር ነው የሚያስተምረው። ከሱ ጣሪያ ወደ ኮረብታው፣ ከኮረብታው ወደ ሸህ ኑርዬ ጣሪያ፣ ከሳቸው ወደ ጎረቤታቸው፣ እንዲህ እየተቀባበለ መንደሩን ያዳርሳል። አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይዞራል። እናት በቤቷ ቁጭ ብላ ልጇን በኢሞ ታያለች። አመስግኑኝ አላልኩም። "ሴት ጣሪያ ላይ ወጣች" ማለቱን ግን ይተዉት።

ደብተር ያስያዘኝ የኢቲሳም ነገር ነው፣ የመንደራችን የስህን ልጅ። ያሠሩኛል ይመቱኛል ብላ ከአሰሪዋ ቤት ጠፍታለች። ጅዳ ውስጥ ከአገሯ ልጆች ጋር ተደብቃለች። ሳዑዲ ወረቀት ለሌላቸው ምህረት አውጃለች፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያበቃል። እስከዛ ሳትያዝ ወረፋዋ ከደረሰ አገሯ ትገባለች። ከተያዘች እዛው ቤት ነው የሚመልሷት። የላካት አብዱልሰመድ ነው። ደላላ ሲሉት አይወድም፣ "አገናኝ ነኝ" ይላል። ልጅቱ ውሏን ሳትጨርስ ከጠፋች፣ እዛ ላለው ሰውዬ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ እየፈለጋት ነው። የተደበቀችበትን የምናውቀው እናቷና እኔ ብቻ ነን።

ሰኔ 9

ቸኩያለሁ። ስህን መጥታ ነበር። ዋይፋዩን ስትከፍት "የቅሬው አገልግሎት እንዲታደስ ስልክ ቁጥር ያስገቡ" የሚል ገጽ መጣባት። አስገባች። ከዛ በመልእክት የደረሰሽን ቁጥር ሙዪ አላት፤ እሱንም ሞላች።

"አንቺ ያደረግሽው መስሎኝ ነው፣ እቴ" አለችኝ።

እኔ እንደዛ ያለ ገጽ አልሠራሁም። ማህዲን ብጠይቀው ኢሞ ሲታደስ እንደዛ ያደርጋል አለኝ። ሪያድ ስለከረመ ያውቃል። ደህና።

ማታ። ስለ ማህዲ አልጻፍኩም ለካ። የአብዱልሰመድ የእህት ልጅ ነው፤ ግን እንደ አጎቱ አይደለም። መሰላል የሚይዝልኝ እሱ ነው። ወንዱ ሁሉ ከስር ሆኖ ሲያላግጥ፣ እሱ አንድ ቀን አልሳቀብኝም። ግንቦት ላይ የሸህ ኑርዬ ራውተር መብረቅ ሲመታው ዝናብ እየወረደበት አብሮኝ አመሸ። በአዲስ ቀየርኩት። አሮጌውን "ለመለዋወጫ ይሆነኛል" ሲለኝ ሰጠሁት። ለሱ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ።

ሰኔ 13

ዛሬም ሁለት እናቶች። ያው ገጽ። ሮጬ ስደርስ የለም። እኔ ስደርስ ይጠፋል፣ ዞር ስል ይመጣል። ጅብም እንዲህ አይጠነቀቅ።

ሰኔ 18፣ ኢድ

ከሰላት ስንመለስ አብዱልሰመድ ስህንን መንገድ ላይ አገኛት። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። ኢድ ሙባረክ አላት፣ ከብቱን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ። ከዛ ፈገግ ብሎ፦

"ኢቲሳም ሰፈር ቀየረች አሉ። አዲሱ ሰፈር ከባሕሩ ራቅ ይላል፣ አይደል? ሙቀቱ ይበረታባታል።"

 ልጅቱ ሰፈር የቀየረችው ትናንት ነው። የነገረቻት በኢሞ ነው፣ በኔ ቅብብሎሽ፣ በድምፅ መልእክት። እኔ ራሴ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ስህን ስትነግረኝ ነው።

ከኋላችን የሚሄዱ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ "ጣሪያ ላይ የምትወጣዋ እኮ ሁሉን ትሰማለች" ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ አፋጠጥኳቸው። የኢድ ቀን ነው ተይ አሉኝ። የኢድ ቀን ሐሜት ይፈቀዳል፣ መልስ ግን ክልክል ነው።

ሰኔ 19

ገባኝ። ያ ገጽ የሚጠይቀው ቁጥር ኢሞ ለባለቤቱ የሚልከው ቁልፍ ነው። እሱን ያገኘ ሰው በገዛ ስልኩ ላይ ስህንን ሆኖ ይገባል። የምትልከውን ያያል፣ የሚላክላትን ይሰማል። ሰኔ 9 ላይ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ማህዲ ነው ያዘናጋኝ፤ እሱም ተሳስቶ ነው፣ ሰው ይሳሳታል።

የስህንን ኢሞ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩላት። ልጅቱን ከዛ ሰፈር ውጪ አልናት። የት ልሂድ አለች። እኔ አላወቅኩም። ሌላውን ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነኝ።

ሰኔ 20

ፓስወርዱን ቀየርኩ። የቅሬውን ሰብሳቢ ለየአባሉ በጆሮ ይነገር አልኩት። ከሰዓት በኋላ ጥሩንባ ተነፋ። ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። የቅሬው ጥሩንባ ነፊ አያ ዝናቡ ነው። ጉብታው ላይ ቆሞ፣ ለቀብር በሚጣራበት ድምፅ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ተቀይሯል ብሎ አዲሱን ፊደል በፊደል ለፈፈው። ያውም ደጋግሞ። አንዲት አሮጊት አልሰሙ ኖሮ "አላህ ይማረው" አሉ።

ሄጄ፣ አያ ዝናቡ ይሄ እኮ ምስጢር ነው አልኩት።

"ምስጢር ከሆነ ቅሬ ምን አመጣው?" አለኝ።

 ቅሬ ውስጥ የተደበቀ ነገር ኖሮ አያውቅም። የማን ጎታ እንደጎደለ፣ የማን ልጅ እንደታመመ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ሌባውም ከነዚሁ አንዱ ነው፣ ጥሩንባውን ቆሞ ሰምቷል።

ሰኔ 23

ሲዘንብ ዋለ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

አያቶቻችን ሌባ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። አገሩ በሙሉ ይሰበሰባል። ሁሉም በተራው ምሎ ያየውን ይናገራል፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ይመሰክራል፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ከሸንጎው አይወጣም። በስውር የሚጠቁመውን "ወፍ" ይሉታል። እኔም ራውተሮቼን ወፍ አደረግኳቸው። እያንዳንዱ ራውተር አጠገቡ ማን እንዳለ፣ የማንን ድምፅ በጉልህ የማንን በሩቁ እንደሚሰማ ያውቃል። በስልኬ እየገባሁ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

የሸህ ኑርዬን ራውተር ጎረቤቶቻቸው በጉልህ ይሰሙታል። ልክ ነው። ከኮረብታው ጀርባ ያሉትም በጉልህ እንሰማዋለን አሉ። ይሄ አይሆንም! ኮረብታው መሃል ላይ ነው፣ በጉልህ ሊሰሙት ቀርቶ ሹክሹክታውም አይደርሳቸውም። አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሐይቅ ገበያም ውጫሌ ገበያም ታየ ቢሉህ ምን ትላለህ? ከሁለቱ አንዱ ሌላ ሰው ነው። የሸህ ኑርዬን ስም የለበሰ ሌላ ራውተር ከኮረብታው ጀርባ አለ። ያን ገጽ የሚያወጣው እሱ ነው።

ስሙን ለመልበስ የውስጥ ቁልፉ ያስፈልጋል፣ አያ ዝናቡ የለፈፈው አይደለም፣ ራውተሮቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት። እሱን የሚያውቅ ማነው? እኔ። መምህር የኋላሸት፣ መጀመሪያ አብረን ስለሞላነው። ማህዲን አልቆጠርኩም፣ እሱ እኮ መሰላል ያዥ ነው።

ስለዚህ የኋላሸት ነው። ድሮም "ያለ ሰርተፍኬት ኔትወርክ ያለ መሠረት ቤት ነው" ብሎ ነበር። እንዲፈርስ ይፈልጋል።

ሰኔ 26

ሐይቅ ወርጄ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነው የሄድኩት። እሱ ቤት ስገባ ግማሹ ጠፋኝ፣ የቀረው ስድብ ነው። ስህተት የለውም፣ ጨዋ ነው፣ ሻይ አቀረበ፣ ሰማኝ። ንዴቴን ያባሰው እሱ ነው። አውጫጭኝሽ ጥሩ ዘዴ ነው አለ። ከዛ መነጽሩን አውልቆ፦

"መብረቅ የመታው አሮጌው ራውተርስ፣ የት ደረሰ?"

ምን አገባህ አልኩት። ተቃጥሏል አልኩት። መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው የመብራት መቀበያውን ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ስምና ቁልፍ ይተርፋል አለ። ተማሪው አይደለሁም ብዬ ወጣሁ። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጥያቄውን ደጋገምኩት። ነገር ሊያዞርብኝ ነው፣ የሌባ ጥያቄ ነው።

ሐምሌ 2

ኢቲሳምን ወሰዷት።

ሐምሌ 2፣ ማታ

አብረዋት የነበሩት ልጆች ደወሉ። መኪና መጣ፣ አሰሪዋና ሌላ አንድ ሰው። የበሩን ቀለም ሳይቀር ያውቃሉ። ወረፋዋ ሳምንት ነበር የቀረው። ያን በር ስህንና ልጇ በኢሞ የተላላኩት ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ፣ እንዳትላኪ ማለት ነበረብኝ። ኢሞዋን ከዘጋሁት በኋላም ሌባው ገብቷል ማለት ነው። ገጹ መልሶ መጥቶባት ኖሯል፤ ዳግም እንዳትሞዪው ማለቱንም ረስቻለሁ፤ ስህን "አንቺ አዲስ ስላደረግሽው መስሎኝ ሞላሁት" አለችኝ።

አልተቆጣችኝም። መሬት ላይ ተቀምጣ ሻሿን እየጠቀለለች ትፈታለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 4

አበጋሮቹ አውጫጭኝ ይጠራ አሉ። አበጋር ከአባቱ ወርሶ ደም የሚያደርቅ፣ ጠብ የሚያበርድ ነው፤ የኛው ዋና ሸህ ኑርዬ ናቸው፣ በክርስቲያኑ በኩል ቄስ ኃይለ ሚካኤል አብረዋቸው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እኔ ነኝ አሉ።

ማህዲ መጥቶ ነበር። ከስቷል። ስም ካልጠራሽ አንቺው ላይ ይደፈደፋል፣ የኋላሸትን ጥሪው አለኝ። አይኔን አላየኝም። ለኔ አዝኖ ነው።

ሐምሌ 6

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ዋርካው ስር አገሩ በሙሉ ተቀመጠ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። መምህር የኋላሸት ከሐይቅ ተጠርቶ መጥቷል። ሸህ ኑርዬ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ። ከዛ ተነሺ ተባልኩ። ተነሳሁ። ተናገርኩ። መናገር ላይ አልታማም። ስለ ሁለቱ ገበያ ነገርኳቸው፣ ስለ ቁልፉ ነገርኳቸው፣ ከዛ ጣቴን ዘርግቼ የኋላሸት ነው አልኩ። ሰው አጉረመረመ። እሱ አልተቆጣም። ሁሉም ሰው ራውተሩን ነቅሎ ይዞ ይምጣ፣ የኮረብታውም ይነቀል፣ የኔም ቤት ተዘግቷል አለ። ከዛ በአየሩ ላይ የሚቀር ስም ካለ፣ እሱ ነው ሌባው።

እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ!

ሰው ሄዶ እያመጣ ሰሌኑ ላይ ደረደረው። ገመዳቸው ተንጠልጥሎ፣ መብራታቸው ጠፍቶ፣ እንደ ታረደ ዶሮ ተጋደሙ። የሸህ ኑርዬም መጣ። ስልኬን ከፈትኩ። አየሩ ዝም ማለት ነበረበት፤ ዝም አላለም። አንድ ስም ቀረ። ስልኩን ለሸህ ኑርዬ ሰጠኋቸውና ስምዎ ነው አልኳቸው። ሰሌኑ ላይ የተጋደመውን ራውተራቸውን አዩት፣ ስልኩን አዩት።

"እኔ እዚህ ነኝ" አሉ። "ማነው በስሜ የሚጣራው?"

 የድምፁ ምልክት በጎላበት ሄድን፣ ሽማግሌው ከፊት፣ አገሩ ከኋላ። ወደ ቀኝ ስንል ይደክማል፣ ወደ ኮረብታው ጀርባ ስንል ይበረታል። ያቆመን አብዱልሰመድ ሠርቶ ሰው ያላስገባበት አዲሱ ፎቅ ነው። ጣሪያው ላይ ከውሃ ታንከሩ ስር፣ በሶላር እየሠራ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ። ይዘው አወረዱት። ጎኑ ጠቁሯል። የመብረቅ ነው።

የኋላሸት አየኝ። 

ማህዲ ሸንጎው ላይ አልነበረም። ባትሪ ላመጣልሽ ውጫሌ ሄጃለሁ ብሎ መልእክት ትቷል። እኔ ባትሪ አላዘዝኩም።

ሐምሌ 7

ሴቶቹ አሮጌው ራውተር እንዴት ወጣ ብለው ጠየቁኝ። ተሰረቀብኝ አልኩ። እንደዛ ነው የሚባለው።

ሐምሌ 10

ድንጋይ ተሸክሜ የኋላሸት ፊት ቆምኩ። አበጋሮቹ ፈርደውብኛል፣ ባይፈርዱም እሄድ ነበር። ድንጋዩን ከትከሻዬ በገዛ እጁ አወረደው። "የሚቀጥለውን ስም ከመጥራትሽ በፊት ጥያቄውን ጨርሺ" አለኝ። ይሄኛው ላይ አልተከራከርኩም።

የአብዱልሰመድን ደግሞ ስማ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ማን እንደሰቀለው አላውቅም አለ። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። መስጊዱን ያደሰ ሰው ነው፣ ለቤተክርስቲያኑም ቆርቆሮ ሰጥቷል። በመጨረሻ ነገሩ ይሸፈን፣ አገር አይረበሽ፣ በግ ይታረድና የዕርቁ ፋቲሃ ይቀራ ተባለ። ስህን ሥጋውን አልነካም ብላ ተነስታ ሄደች። የማህዲ ስም አልተነሳም። እኔም አላነሳሁትም። ስልኩ ዝግ ነው።

ሐምሌ 11

ዝግ ነው።

ሐምሌ 15

ለስህን መልእክት መጣላት። የኢቲሳም ድምፅ ነው። ደህና ነኝ እማ፣ ከአሰሪዎቼ ጋ ተስማምቻለሁ፣ እየሠራሁ ነው፣ አታስቡ ትላለች። ስህን ደጋግማ አዳመጠችው። ከዛ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ፦

"ድምፁ የሷ ነው፣ ቃሉ የሷ አይደለም። ልጄ በሕይወቷ 'አታስቡ' ብላኝ አታውቅም። ሁሌ 'አስቢኝ' ነው የምትለው።"

ራውተሮቹ ተመልሰው ተሰቅለዋል፣ ቁልፉ ሁሉ አዲስ ነው፣ አሁን በየቀኑ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ እንዲመሰክር አድርጌዋለሁ። ስም የሚሰርቅ ቢመጣ በሰዓቱ አውቃለሁ። ለማን? ልጅቱ እንደሆነች ያለችበትን የአሰሪዋን ቤት እናቷ ድሮም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፣ እሱም የበጉን ሥጋ በልቷል።

ሐምሌ 17

ዛሬ ምህረቱ ያበቃል።

ስህን ቤት ነበርኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚጮኸውን ሁሉ ልነግራት ሄጄ አንዱንም አልነገርኳት። ጎመን ቀንጥሰን ዋልን። ስወጣ፣ አንቺ መናገር ታውቂበታለሽ፣ እኔ አላውቅበትም፣ የኔን ተናገሪልኝ አለችኝ።

እሺ። የፊታችን ጁምዓ ከሰላት በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ መስጊዱ በር ላይ እቆማለሁ። ቄስ ኃይለ ሚካኤልም እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ሴት እዚህ አትናገርም የሚል ካለ ጆሮውን ይዞ ይሂድ። የምለውን ጽፌዋለሁ፦

አብዱልሰመድ! ፋቲሃው ያንተንና የሽማግሌዎቹን ነገር ነው የዘጋው። የስህንን አልዘጋም፣ እሷ አሚን አላለችም። ጣሪያህ ላይ ማን ወጣ ብዬ አልጠይቅህም፣ እሱን አገር ያውቀዋል። ራውተሩን ማን ሰጠው ብለህ ብትጠይቀኝ፣ እዛው ቆሜ እመልስልሃለሁ፤ ግን ካንተ በኋላ። አንተ መጀመሪያ ይሄን መልስ፦ ያን የበር ፎቶ ለማን ላክኸው? ሰውዬው ስሙ ማነው? ስልኩ ስንት ነው? ኢቲሳም ያለችው በየትኛው ከተማ፣ በማን ቤት ነው? በሽማግሌ ጆሮ አይደለም፣ በጓዳ አይደለም። እናቷ ፊት ለፊትህ ቆማለች። ጮክ ብለህ ተናገር።